ተበዳይ የከፈለው ካሣ

በአሁኑ ጊዜ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በየካና በአያት በኩል በሚኖሩ ቤተ ሰቦች ዘንድ «ካሣ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ቤትና ሱቅ በተነሣ ጊዜ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ ከተማው ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ሄዶ የገበሬውን እርሻ በያዘ ጊዜ፣ ስንት ካሣ ተሰጠ፣ ለማን ደረሰ፣ ለማን ቀረ የማይል አልነበረም። መኪና ሰው ገጭቶ እንደ ሆነም የሚነሣው ይኸው ቃል ነው። ወደ ገጠሩ ብንወጣም ነገሩ አይለወጥም። በአማራው አገር ደም የተቃቡ ወገኖች በሽማግሌ ሲታረቁ፣ በኦሮሞውም ዘንድ ጉማ በሚባለው ሥርዓት ደም ሲደርቅ፣ የገዳይ ወገን ካሣውን ይከፍላል፤ የሟች ወገን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ አብሮ መብላትና መጠጣት ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይናወጥ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም የበደለ ይክፈል፣ የተበደለ ይቀበል የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ያዝዛል። ነገር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ስለ ጌታችን ሞት በምንናገርበት ጊዜ «ካሠልን»፣ «ካሣ ሆነልን» እንላለን። ቃሉ ያው ነው፤ አከፋፈሉ ግን ተገልብጧል። በቀራንዮ የከፈለው በዳዩ አይደለም፤ ተበዳዩ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን ይህ ነገር አይደንቀንም፤ ሊደንቀን ግን በተገባ ነበር። የሟች አባት ተነሥቶ፣ ከራሱ በረት ከብት ነድቶ የገዳዩን ዕዳ ሲከፍል ያየ ሽማግሌ በየትኛው አገር ይገኛል?

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከማስተምራቸው ልጆች የአንደኛው ጥያቄ ነው። ልጁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ብዙ ቤተ ሰብ በደረጃ ተደራርቦ በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ያደገ ነው። በረንዳ ለበረንዳ የሚተያዩት ጎረቤቶቹ የሌላ ቤተ እምነት ተከታዮች ናቸው፤ ቡና ይጠራራሉ፣ በኀዘንም በደስታም አይለያዩም። አንድ ቀን ታዲያ የጎረቤቱ ልጅ፣ ክርስቶስ አንድ ጊዜ ከፍሎ ጨርሶ ከሆነ እናትህ በስቅለት ዕለት ወገቧ እስኪቆረጥ ድረስ የምትሰግደው ስለ ምንድን ነው? ከፍሎ ካልጨረሰ ደግሞ ምን ከፈለ? ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪዬ መልስ ቢያጣ ጥያቄውን እንዳለ ወደ እኔ አመጣው።

ጥያቄው የክፋት ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም እኛ ትልልቆቹ ልንጠይቀው ሲገባን ሳንጠይቀው የቀረን ነው። መልሱን ባለማወቃችንም ከምናስበው የበለጠ ነገር አጥተናል፤ ይህንንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ኃጢአት ምን እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ መስቀል ምን እንደ ሠራ ሊታወቅ አይችልም። ብዙ ሰው ኃጢአት ማለት የጥፋት ዝርዝር ይመስለዋል፤ የትራፊክ ፖሊስ በመዝገቡ ላይ እንደሚጽፈው ቅጣት ያለ፣ ተከፍሎ ደረሰኝ የሚቈረጥለት ነገር አድርጎ ያየዋል። በእርግጥ ትእዛዝን መተላለፍ ኃጢአት ነው። ነገር ግን ግእዙ ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገር ይነግረናል። «ኀጥአ» ማለት አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ በአማርኛ በየዕለቱ «አጣሁ» የምንለውም ከዚሁ የተወለደ ነው። «ኃጥእ» እና «ኃጢአት» የወጡት ከዚህ ሥር ነው። እንግዲህ በአባቶቻችን ቋንቋ ኃጥእ ማለት አስቀድሞ ያጣ ሰው፣ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ማለት ነው። የጠፋን ነገር ለማግኘት ደግሞ ቅጣት መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ የጠፋው ፈልጎ የሚያመጣው ያስፈልገዋል።

አዳም ምን አጣ? ሊቃውንቱ ባንድ ቃል ይመልሳሉ፤ ልጅነትን አጣ። ገነትን ማጣቱ፣ የጸጋ ልብሱን ማጣቱ፣ ለሞት መገዛቱ ሁሉ ከዚህ የተከተለ ነው። ስለዚህም ወንዱን ሕፃን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን ወደ ጥምቀት ስንወስድ «ልጅነት አገኘ» እንላለን። ዕዳው ተሰረዘለት ብለን የምንመለስ የለንም። ሕፃኑም በዚያው ዕለት ሥጋውን ደሙን ይቀበላል። የ40 ቀን ሕፃን ምን ሠርቶ ተቀበለ? አልጾመ፣ አልሰገደ፣ አልመጸወተ፤ ራሱን እንኳ ቀና ማድረግ ገና አይችልም። ተማሪዬ ጸጋ ምን ማለት እንደ ሆነ ቢጠይቀኝ የማሳየው ይህን ሕፃን ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

ሌላም ምስክር አለን፤ ይህንንም በየቀኑ በገዛ እጃችን እንጽፈዋለን። በቤት ኪራይ ውል፣ በባንክ ቅጽ፣ በፈተና ወረቀት ራስጌ ላይ ቀኑን ጽፈን «ዓ.ም.» እንላለን። ዓመተ ምሕረት ማለታችን ነው። አውሮፓውያን ዘመናቸውን የጌታ ዓመት ብለው ሲጠሩት የእኛ አባቶች የምሕረት ዓመት አሉት፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኵነኔ ብለው ለዩት። 2018 ዓመተ ምሕረት በባሕረ ሐሳብ 7518 ዓመተ ዓለም ነው። የቁጥሩም ምክንያት እንዲህ ተብሎ ይተረካል፤ አዳም በድሎ ከገነት ወጥቶ ባለቀሰ ጊዜ እግዚአብሔር ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ቃል ኪዳን ሰጠው፤ አንዱም ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቈጥሮ 5500 ሆነ። በዚህ ትረካ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ቃል ኪዳኑ የተሰጠው ካሣው ከመከፈሉ 5500 ዘመን አስቀድሞ ነው። መስቀል እግዚአብሔርን ሰውን ወደ መውደድ ያመጣው አይደለም፤ ሰውን መውደዱ ወደ መስቀል አመጣው እንጂ።

የዕዳውም ደብዳቤ ታሪክ እንዲሁ ነው። አበው እንደሚተርኩት ዲያብሎስ በአዳምና በሔዋን ላይ መከራ ቢያጸናባቸው፣ እርሱ ባሪያው እርስዋም ገረዱ መሆናቸውን የሚናገር ደብዳቤ ጻፉለት፤ ዲያብሎስም አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል አኖረው። ጌታችን በተጠመቀ ጊዜ የመጀመሪያውን፣ በመስቀል ሞቶ ወደ ሲኦል በወረደ ጊዜ ሁለተኛውን ደመሰሰው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ዕዳው ጽሕፈት መደምሰስ ለቈላስይስ ሰዎች ጽፎላቸዋል (ቈላ. 2፡14)። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ደብዳቤው በማን እጅ እንደ ነበረ ልብ በል። በአብ መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ በጨካኙ ጌታ በዲያብሎስ ዘንድ ነበረ። አብ ወልድን የላከው ገንዘቡን ለመሰብሰብ አይደለም። የተማረኩትን ልጆቹን ለማስመለስ ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ ታዲያ መሞት ስለ ምን አስፈለገ፤ ይቅር ብያችኋለሁ ቢል አይበቃም ነበርን? ይላል። ይህን ጥያቄ ከ1600 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ አንሥቶታል። አትናቴዎስ ለሀገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን ነውና መልሱ ለእኛ የባዕድ መልስ አይደለም። ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ የሚያስረዳው በአጭሩ ይህ ነው። ነገሩ የጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሞትና መፍረስ ወደ ሰው ባሕርይ ገብተው ስለ ነበር ንስሐ ብቻውን ባሕርይን ሊያድስ አልቻለም። ስለዚህ ሕይወት የሆነው ቃል መሞት የሚችለውን ሥጋችንን ለብሶ ሞትን በገዛ ቤቱ ገጠመው። መርዝ የጠጣ ልጅ አባቱ ይቅር ስላለው ብቻ አይድንም፤ መድኃኒት ያሻዋል።

በምዕራቡ ዓለም በኩል ደግሞ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1098 ስለ ምን አምላክ ሰው ሆነ የሚል ርእስ ያለውን መጽሐፍ ጽፎ ፈጸመ። ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር መንካት ስለ ሆነ ክብሩን የሚመልስ ካሣ ያስፈልጋል፤ መክፈል የሚገባው ሰው ነው፤ መክፈል የሚችለው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ ይላል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ የጌታ ክብር ሲነካ ምን እንደሚከተል በሚያውቅ የባላባት ዘመን የተጻፈ ነው፤ እኛም ባላባትንና ገባርን ከመጽሐፍ ብቻ የምናውቅ አይደለንም። ከእርሱ በኋላ፣ ይልቁንም በ16ኛው መቶ ዘመን፣ የተነሡት መምህራን ነገሩን ወደ ችሎት ይበልጥ አቀረቡትና ክርስቶስ ለእኛ የሚገባውን ቅጣት በእኛ ፈንታ ተቀጣ አሉ። የተማሪዬ ጎረቤት ጥያቄ ከዚህ ምንጭ የተቀዳ ነው።

የእኛም መጻሕፍት ቤዛ፣ ካሣ፣ ዕዳ፣ መሥዋዕት በሚሉት ቃላት የተሞሉ ናቸው፤ ስለዚህ ካሣ የሚለውን ቃል ለሌላ ሰጥተን የምንሄድበት ምክንያት የለም። ሊቃውንቱ የሚጠነቀቁት በአንድ ነገር ነው፤ በአንድ ወገን የተቈጣ አባት፣ በሌላው ወገን የተቀጣ ልጅ ተብሎ የሥላሴ አንድ ፈቃድ እንዳይከፈል ነው። ስለዚህም ክርስቶስን መሥዋዕትም፣ መሥዋዕት አቅራቢም፣ መሥዋዕት ተቀባይም ይሉታል። ከፋዩና ተበዳዩ አንድ ነው።

ይህን አሳብ ሥዕልም ይመሰክራል። በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1280 እስከ 1281 የተጻፈ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባል ብራና አለ። በዚህ መጽሐፍ የስቅለት ሥዕል ላይ ሁለቱ ወንበዴዎች በቀኝና በግራ ይታያሉ፤ በመካከል ያለው መስቀል ግን ሰው አልተሣለበትም፤ ከበላዩ በግ ተሥሏል። የጌታችንን ሥጋ በመስቀል ላይ የሚያሳዩት የሀገራችን ሥዕሎች የበዙት ከዚያ በኋላ ነው። የቀድሞው ሠዓሊ ሕማሙን የዘነጋ አይምሰለን። የታረደው በግ ሕያው መሆኑን፣ መስቀሉም የድል ዓርማ መሆኑን ባንድ ሉክ ብራና ላይ መጻፉ ነበር። ዛሬም ካህኑ በእጁ ይዞ የሚያሳልመን መስቀል ባብዛኛው የተሰቀለ ሥጋ የሌለበት ጌጠኛ መስቀል ነው።

እንግዲህ ወደ እናቱ ስግደት እንመለስ። በቦሌ የሚገኘው ታላቅ ካቴድራል ደብረ ሳሌም መድኃኔ ዓለም ይባላል። መድኃኔ ዓለም ማለት የዓለም መድኃኒት ማለት ነው። አዳኝንና የበሽታ ፈውስን ባንድ ቃል የሚጠራ እንደኛ ያለ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ስለ መስቀል ትርጕም ብዙ ሊጨነቅ ባልተገባው ነበር፤ በካቴድራሉ ዙሪያ ካሉት ሱቆች መካከል በደጃፋቸው «መድኃኒት ቤት» የሚል የተጻፈባቸው አሉና አላፊው ሁሉ ያነብበዋል። ሳሌምም ሰላም ማለት እንደ ሆነ በዕብራውያን መልእክት ተተርጕሟል (ዕብ. 7፡2)።

የመድኃኔ ዓለም ወርኃዊ በዓል በ27 የሚውለውም ስለዚሁ ስቅለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጌታችን የተሰቀለበት ጥንተ ዕለት መጋቢት 27 ሲሆን፣ የተነሣበት ደግሞ መጋቢት 29 ነው። መጋቢት 27 በዐቢይ ጾም ስለሚውል ታላቁ ክብረ በዓል በጥቅምት 27 እንዲከበር ሊቃውንት ሠርተዋል። የስቅለት ዓርብ ግን ከትንሣኤ ጋር በባሕረ ሐሳብ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሁለቱ በየዓመቱ አይገናኙም። በ2018 ዓ.ም. አቆጣጠር መጋቢት 27 የሆሣዕና እሑድ ነው፤ ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው።

በዚያ ዓርብ ከጧት ጀምሮ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ግብረ ሕማማት እየተነበበ ይሰገዳል። ሕዝቡ በቅጽሩ ውስጥ አልበቃ ብሎ እስከ መንገዱ ይወጣል፤ ወደ አየር ማረፊያው የሚወርደው አውሮፕላን አንዳንድ ጊዜ ንባቡን ይሸፍነዋል፤ ሆኖም «ኪርያላይሶን» የሚለው ድምፅ አይቋረጥም። በገርጂ ጊዮርጊስ፣ በየካ ሚካኤልና በሲ.ኤም.ሲ. ሚካኤልም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ እንደ መምህርነቴ አንድ ነገር ልጨምር። ወንጌላዊው ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ እንደ ሆነ ሲጽፍ (ማቴ. 27፡45) የፈረንጅ ልጅ ሰዓቱን ወደ ራሱ አቆጣጠር መልሶ መተርጐም ግድ ይሆንበታል፤ የእኛ ልጅ ግን የእጅ ሰዓቱን ማየት ብቻ ይበቃዋል። የወንጌሉ ስድስት ሰዓት የእኛው ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ በራስ ላይ የምትቆምበት ቀትር ነው። የእጅ ስልካቸው የሚያሳየው የአውሮፓውያኑን ሰዓት የሆነባቸው ልጆች ይህን ርስታቸውን እንዳያጡት ወላጆች ሊያስረዷቸው ይገባል።

ይህ ሁሉ ስግደት ዕዳ ለመክፈል ነውን? ለቅሶ የደረሰ ሰው ደረቱን ሲመታ ያየ እንግዳ፣ ይህ ሰው ሟቹን ሊያስነሣ ነውን? ብሎ ቢጠይቅ ምን እንለዋለን? የሚያለቅሰው ስለሚወድደው ነው፤ ከዚህ ሌላ መልስ የለውም። የስቅለት ስግደትም በቅድሚያ ይህ ነው። ያውም የሞተው ስለ እኛ ነውና ሐዘኑ ተራ ሐዘን አይደለም፤ የተካሠለት በዳይ በካሠው ፊት የሚወድቀው መውደቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ የማንለዋወጠው፣ መስቀል የማንሳለመው፣ ካህናትም የማያናዝዙት ዓመተ ፍዳን ለማሰብ ነው። የክርስቶስ ካሣ ባይኖር ኖሮ ዓለም ምን ትመስል እንደ ነበር በአካላችን እንማረዋለን።

ወደ ማታ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው የምእመናኑን ጀርባ እየጠበጠቡ የስግደት ቁጥር ያዝዛሉ። አንዱ 40፣ ሌላው 100 ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቁጥር ባለበት ሁሉ ዋጋ ያለ ይመስለዋልና፣ ይህን ያህል ከሰገድሁ ይህን ያህል ተሰረዘልኝ ብሎ ያሰላል፤ ጕልበቱ የደከመ ሽማግሌም ከፍሎ ያልጨረሰ መስሎት ተክዞ ይመለሳል። ስለ ቀኖና ንስሐ ከሚናገሩት መጻሕፍቶቻችን አንዱ ስሙ ራሱ ፈውስ መንፈሳዊ ነው። ሐኪም በቀን ሦስት ጊዜ ዋጥ ብሎ የሚሰጠው ኪኒን ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ግን ለሐኪሙ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። አመንዝራውን ጾም፣ ንፉጉን ምጽዋት፣ ትዕቢተኛውን ስግደት የሚያዝዙት መድኃኒቱ እንደ በሽታው ስለሚለያይ ነው።

ይህ ለመሆኑ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ከትንሣኤ በኋላ ያሉትን 50 ቀናት ይመልከት። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ጾም የለም፤ ስግደትም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ስግደት የዕዳ ክፍያ ቢሆን ኖሮ፣ ለ50 ቀናት ክፍያ አትክፈሉ ብሎ ባለዕዳዎቹን የሚያሰናብት ባለገንዘብ ማን ነው? ባንክ እንዲህ አያደርግም።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር ይህ ነው። በቦሌም ሆነ በየካ በእሑድ ቅዳሴ ላይ የምናየው ነገር አለ። አባትና እናት ነጭ ለብሰው፣ ልጃቸውን አስጊጠው በሌሊት ይመጣሉ። ሥጋ ወደሙ በሚሰጥበት ጊዜ ልጁን ወደ ፊት ያሳልፉታል፤ እነርሱ ግን ከኋላ ይቆማሉ። የሚቀርቡት ሕፃናት፣ ጥቂት ወጣቶችና በዕድሜ የገፉ አረጋውያን ናቸው። በ30፣ በ40፣ በ50 ዓመት ያለው ሰው፣ ማለት ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ፈተናውም የሚበረታበት፣ መድኃኒቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው፣ ራቅ ብሎ ይቆማል። ለምን? ብለህ ብትጠይቀው፣ ገና አልነጻሁም፤ ሳረጅ እቀበላለሁ፤ ኃጢአቴ ብዙ ነው ይልሃል። ይህ ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው አሳብ ካሣውን እኔ ከፍዬ ካልጨረስሁ አልቀርብም የሚል ነው። ስለዚህ የጎረቤቱ ልጅ ጥያቄ ሳናውቀው በትክክል ደርሶብናል፤ በአፋችን ካሠልን እያልን በእግራችን አልካሠልንም ብለን እንቆማለን።

ፈያታዊ ዘየማንን እናስብ፤ በትውፊታችን ስሙ ጥጦስ ይባላል። ይህ ሰው እጁና እግሩ ተቸንክሮ ነበርና ሊሰግድ አልቻለም። የቀማውን ሊመልስ፣ ያስለቀሰውን ሊክስ ጊዜ አልነበረውም። ያደረገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ፣ የተቀበልነው ለሠራነው የሚገባውን ነው ብሎ ጥፋቱን አመነ፤ ቀጥሎም አስበኝ ብሎ ለመነ (ሉቃ. 23፡40-43)። ከአዳም ልጆች ሁሉ አስቀድሞ ገነት የገባው እርሱ ነው። ጥጦስ ንጹሕ እስክሆን ልቆይ ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ይህን ስል ያለ ንስሐ፣ ያለ ዝግጅት፣ እንደ ተራ ማዕድ ይቀረብ ማለቴ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሰው ራሱን መርምሮ እንዲቀርብ ያዘዘው በጽኑ ቃል ነው (1ቆሮ. 11፡28)። ነገር ግን ሐዋርያው መርምሮ ይብላ አለ እንጂ መርምሮ ይቅር አላለም። የተጣላ ይታረቅ፤ የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ ያለ ሥርዓት የሚኖሩ ባልና ሚስት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ከባድም ነው። በጸጋ የዳነ ሰው ሥራ የሚሠራው ግን ልጅ በአባቱ ቤት እንደሚሠራ ነው። ደመወዙን እንደሚቈጥር ሞያተኛ አይደለም።

ለተማሪዬም የመለስሁለት ይህንኑ ነው። እናትህ የምትሰግደው የተከፈለላት ስለ ሆነች ነው አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ ታዲያ ከተከፈለላት ለምን አትቆርብም? አለኝ። እኔ ያልጠበቅሁት ጥያቄ ነበር፤ ወደ እናቱ ሄዶ እንዲጠይቃት ነገርሁት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቤቱ ቢነሣ ጊዜውን ማወቅ ይጠቅማል። በሰሙነ ሕማማት ቅዳሴ የሚቀደሰው በጸሎተ ሐሙስ ነው፤ በዚያም ዕለት ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የትንሣኤ ሌሊት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ሊቀበል ያሰበ ሰው ግን ኑዛዜውን በሳምንቱ ውስጥ እፈጽማለሁ ብሎ ማስተላለፍ አይችልም፤ ካህናት በዚያ ሳምንት አያናዝዙምና። በሕማማት ለሚሞቱት እንኳ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው ቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቱን የሚፈልግ ከሆሣዕና በፊት ባሉት የዐቢይ ጾም ሳምንታት ይፈልጋቸው፤ በከተማችን እንደሚሆነው መኖሪያ ለውጦ ከንስሐ አባቱ የተራራቀ ሰው፣ ማለት ከካዛንቺስ ወደ አያት፣ ከአራት ኪሎ ወደ ገርጂ የሄደ፣ በአዲሱ ሰፈሩ ባለው ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ገብቶ ቢጠይቅ ካህን ይመደብለታል።